ቤቱ ፈርሶ ልኩ ሲቀር

የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል የተቃጠለ ሰሞን አንድ ወሬ ዓለምን ዞረ። ካቴድራሉ መልሶ የሚሠራው ከቪዲዮ ጌም በተወሰደ ሞዴል ነው ተባለ። «አሳሲንስ ክሪድ» የተባለው ጨዋታ ሕንፃውን አሳምሮ ስለሣለው፣ አናጺውም ግንበኛውም ኮምፒውተሩን ከፍቶ እያየ ይሠራል የሚል ነገር ነው። ዛሬም ይህን እንደ እውነት የሚያወራ አይጠፋም። ወሬው ደስ ይላል፤ እውነት ግን አይደለም። የጨዋታው ሞዴል ተጫዋቹ እንዲሮጥበትና እንዲንጠላጠልበት ተብሎ የተስተካከለ ሥዕል እንጂ ድንጋይ የሚቆረጥበት ልክ አይደለም።

እውነተኛው ታሪክ ከወሬው ይልቅ ይገርማል። አንድሩ ታሎን የሚባል አሜሪካዊ የኪነ ሕንፃ ታሪክ ምሁር ነበር፤ ቫሳር ኮሌጅ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የሌዘር ስካነሩን ይዞ ኖትርዳም ገባ። ከ50 በላይ ቦታዎች ላይ እየቆመ ውስጡንም ውጪውንም ለካ፤ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነጥቦች ሰበሰበ። የፈለገው ጥንታውያኑ ግንበኞች እንዴት እንዳሰቡ ማወቅ ነበር፦ የትኛው ምሰሶ ዘመመ፣ ሥራው የት ላይ ተቋርጦ ቆየ፣ የት ላይ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ካቴድራሉ ይቃጠላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ታሎን በኖቬምበር 2018 በሕመም አረፈ፤ ገና 49 ዓመቱ ነበር። እሳቱ የተነሣው ኤፕሪል 15 ቀን 2019 ነው። አምስት ወር ቀድሞ የሄደ ሰው ልክ ለመልሶ ግንባታው ከዋነኞቹ መረጃዎች አንዱ ሆነ።

ግን እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። በእሳቱ ሙሉ በሙሉ የወደመው ጣሪያውን ተሸክሞ የነበረው የእንጨት ርብራብ ነው። ከብዛቱ የተነሣ ፈረንሳዮቹ «ጫካው» ይሉታል። ይህን ርብራብ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት አርክቴክቶች፣ ሬሚ ፍሮሞንና ሴድሪክ ትራንትሶ፣ ጣሪያው ውስጥ ገብተው ለትምህርታቸው ማሟያ በእጃቸው ለክተው ሥለውት ነበር። በሜትር፣ በእርሳስ፣ አንዱን ግንድ ከሌላው እያነጻጸሩ። ከ2,000 ገደማ የኦክ ዛፎች ጣሪያው እንደገና ሲሠራ አናጺዎቹ አብዝተው የተደገፉት በዚህ ሥራ ላይ ነው። ፍሮሞንም ከመልሶ ግንባታው አርክቴክቶች አንዱ ሆነ። ካቴድራሉ በዲሴምበር 2024 በሩን ከፈተ።

ማሽኑ አንድ ቢሊዮን ነጥብ ለክቷል። እንጨቱ እንጨቱን የሚነክስበትን ቦታ ግን ሰው ተጎንብሶ ማየት ነበረበት።

ሌዘር ስካነር ምን እንደሚሠራ በአጭሩ እንይ። ብርሃን በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ማሽኑ ጨረሩ ግድግዳውን ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ቅንጣት ጊዜ ይለካና ርቀቱን ያሰላል። እየተሽከረከረ ይህን በሰከንድ መቶ ሺዎች ጊዜ፣ አዳዲሶቹ ማሽኖች ደግሞ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ያደርጉታል። እያንዳንዱ ምት አንድ ነጥብ ነው። ነጥቦቹ ሲጠራቀሙ በስክሪን ላይ ጉም የመሰለ የሕንፃ ቅርጽ ይወጣል፤ ባለሙያዎቹም «የነጥብ ደመና» ይሉታል። ማሽኑ ከቆመበት የማይታየውን አያይም፤ ከምሰሶ ጀርባ ያለው ነገር ባዶ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ ይቆማል፣ በኋላም ሁሉም በሶፍትዌር ይሰፋል። ጨለማ አይከለክለውም፤ ብርሃኑን ይዞ ነው የሚመጣው። መስታወትና አዲስ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ግን ያሳብደዋል።

ሐሳቡ ራሱ ከሌዘር በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 አልብረኽት ማይደንባወር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ የቬትስላርን ካቴድራል ፊት ለመለካት ከፍታ ላይ ወጥቶ ሳለ ለጥቂት ከመውደቅ ተረፈ። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ያዘው፦ ሰው ግድግዳ ላይ ከሚንጠለጠል ከፎቶግራፍ ላይ መለካት አይቻልም? ይቻላል። «ፎቶግራሜትሪ» የሚለውን ስምም ያወጣው እሱ ነው። በ1885 በበርሊን የፕሩሲያን ሕንፃዎች በዚህ ዘዴ የሚመዘግብ መንግሥታዊ ተቋም ተከፈተለት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቦምብ የፈረሱ ሕንፃዎችን ለማደስ ከእነዚያ የመስታወት ኔጋቲቮች መረጃ የተወሰደበት ጊዜ አለ። ሰውዬው ጦርነቱን አያውቀውም፤ የለካው ግን ለዚያ ቀን ደረሰ።

ቤን ካስራም መጠቀስ ያለበት ሰው ነው። ኢራቅ ሞሱል ተወልዶ አሜሪካ የኖረ መሐንዲስ ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ተንቀሳቃሽ የሌዘር ስካነሮች አንዱን የሠራ ኩባንያ ነበረው። እ.ኤ.አ. በማርች 2001 ታሊባን በአፍጋኒስታን ባሚያን ሸለቆ የነበሩትን ሁለት ግዙፍ የቡድሃ ሐውልቶች በፈንጂ አወደመ። ካስራና ባለቤቱ በ2003 «ሳይአርክ» የተባለውን ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አቋቋሙ፤ ዓላማው የዓለምን ቅርሶች ከመጥፋታቸው በፊት መለካት ነው።

ሳይአርክ ከመዘገባቸው ቦታዎች አንዱ ካምፓላ የሚገኘው የካሱቢ የቡጋንዳ ነገሥታት መካነ መቃብር ነው። ትልቁ የሣር ክዳን ቤት በ2009 ተለካ፤ በማርች 2010 ተቃጠለ። «እሰይ፣ ልኩ አለ» ብሎ መደሰት ይቻላል። ካሱቢ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር የወጣው ግን በሴፕቴምበር 2023 ነው፤ ከ13 ዓመት በኋላ። ልኩ ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ሳለ ያን ያህል ያቆየው ምንድን ነው? ገንዘብ አለ፣ ፖለቲካ አለ፣ ክርክር አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክዳኑን የሚከድኑት ሰዎች ጉዳይ አለ። በቡጋንዳ ባህል ያንን ጣሪያ የመክደን መብትም ዕውቀትም የአንድ ጎሳ፣ የንጌዬ፣ ነው። ስካነሩ የሣሩን ውፍረት በሚሊ ሜትር ይነግርሃል። የትኛው ሣር በየትኛው ወር እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚታሰርና ማን እንደሚያስረው አይነግርህም። ጎጃምና ጎንደር ውስጥ የሣር ክዳናቸውን በቆርቆሮ የለወጡ አብያተ ክርስቲያናት ባሉበት ቀበሌ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ክዳኑ ሲለወጥ ከዳኙም ሥራ ፈትቷል።

ወደ ላሊበላ እንምጣ።

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር የለካው ቡድን ከአውሮፓ አልመጣም፤ ከደቡብ አፍሪካ ነው የመጣው። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሃይንዝ ሩተር የመሠረተው «ዛማኒ» የተባለ ፕሮጀክት ነው። ዛማኒ በስዋሂሊ «የጥንት ዘመን» ማለት ነው። ቡድኑ ከላሊበላ ሌላ ታላቋን ዚምባብዌን፣ ኪልዋን፣ የማሊዋን ጄኔንና ሌሎች ብዙ ቦታዎችን ለክቷል፤ አክሱምም ከእነዚሁ ውስጥ ነው።

ላሊበላን መለካት ሌላ ሕንፃ እንደመለካት አይደለም። በተራ ሕንፃ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ይደረደራል፣ ቱንቢ ይጣላል፣ ማዕዘን ይወጣል። ላሊበላ ላይ ግን ማንም የደረደረው የለም፤ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው። በሜትርና በማስመሪያ የተሣሉት የቆዩ ፕላኖች፣ ሠሪዎቻቸው የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ፣ የግድ መስመሩን ቀጥ ያደርጉታል። ስካነሩ ቀጥ አያደርግም። ግድግዳው የት ላይ እንደሚያብጥ፣ የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ ያለው መስቀል ወዴት በጥቂቱ እንደሚያዘነብል፣ የቤተ መድኃኔ ዓለም ወለል የት ላይ እንደጎደጎደ እንዳለ ያስቀምጠዋል። የጎደጎደው የምእመናን እግር የበላው ነው፤ ያም ታሪክ ነው።

መቅደሱ ደግሞ አለ። ታቦት ወዳለበት ካህን ያልሆነ ሰው አይገባም፤ ባለ ስካነሩም ከመጋረጃው ወዲህ ይቆማል። በነጥብ ደመናው ላይ ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ቢቀር ጉድለት መስሎ የሚታየው ለውጭ ሰው ብቻ ነው። አንዳንድ የቴክኖሎጂ ፍቅር ያየለበት ሰው «ሁሉም ነገር መመዝገብ አለበት» ሲል ይሰማል። የለበትም። የሚመዘገበውንና የማይመዘገበውን መወሰን የባለቤቶቹ ድርሻ ነው።

የላሊበላ ልክ ዋና ጥቅሙ ለማስታወሻነት አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአምስት አብያተ ክርስቲያናት ላይ ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ቆሙ። ለጥቂት ዓመታት ጊዜያዊ ይሆናሉ ተብለው ነው። ዛሬም ቆመዋል። በ2011 ዓ.ም. የከተማው ነዋሪ አደባባይ ወጥቶ «መጠለያዎቹ ይነሡልን፣ ክብደታቸው ቅርሱን ሊጎዳ ነው» አለ። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው ለጥበቃው ድጋፍ ቃል ገቡ። ከዚያ በኋላ ስንት ስብሰባ፣ ስንት ጥናት እንደተካሄደ ይቅር።

ይህ ክርክር በስሜት ብቻ የሚፈታ አይደለም፤ በልክ ግን ከፊሉ ይፈታል። ጣሪያው ላይ ያለው ስንጥቅ ከ15 ዓመት በፊት ምን ያህል ነበር? ዛሬስ? ግድግዳው ወደ ውጭ ሄዷል ወይስ እንደነበረ ነው? መልሱ የሚገኘው የድሮውን ልክ ከአዲሱ ጋር አነባብሮ በማየት ነው። ሐኪም የሕፃን ክብደት አንዴ መዝኖ ዝም አይልም፤ በየወሩ እየመዘነ ነው ማደጉንና መክሳቱን የሚያውቀው። አንዴ ተለክቶ፣ ቪዲዮው በዩቲዩብ ታይቶ፣ ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ተመልሶ የማይለካ ቅርስ ከልኩ ያገኘው ጥቅም ግማሽ ነው። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ልኬት ደግሞ በየጊዜው ከውጭ ቡድን መጠበቅ አይቻልም። እዚያው ላሊበላ ያደገ፣ ማሽኑን የሚያውቅ፣ ቀሳውስቱም የሚያውቁት ወጣት ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። እዚህ ጠላቱ ዝናብ ወይም የአለት ስንጥቅ ሳይሆን ጊዜ ነው፤ ጊዜው ደግሞ በቀናት የሚቆጠር ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ፍጥነቱን ያየ ሰው ይገባዋል። የከተማው አስተዳደር ቅርሶች እንደሚጠበቁ ሲናገር፣ የቅርስ ባለሙያዎችና የሰፈሩ ልጆች ደግሞ የትኛው ቤት ቅርስ እንደሆነ በማን እንደተወሰነ ጠየቁ። ከተማ መታደስ አለበት የሚለው ክርክር እዚህ አይደገም፤ ሁለቱም ወገን በቃሉ ይዞታል። ማንም ወገን ቢሆን ሊቃወመው የማይችለው ግን አለ፦ የሚፈርስ ቤት ከመፍረሱ በፊት ሊለካ ይችላል። ለአንድ ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት በረንዳ ያለው የፒያሳ ቤት አንድ ስካነርና ሁለት ሰው አንድ ቀን ይበቃቸዋል። በረንዳው፣ ደረጃው፣ የመስኮቱ ጥርብ፣ የሕንድና የአርመን አናጺ እጅ ያረፈበት ጌጥ ሁሉ አንድ ቀን።

የዚህች ከተማ የድሮ ቤቶች ምን እንደሚመስሉ ዛሬ የሚታወቀው ጥቂት ሰዎች እግራቸው እስኪዝል ዞረው ስለመዘገቡ ነው። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒስ ጄራርድ ጋር በ1999 ዓ.ም. አካባቢ ያሳተሙት ከ1886 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) ያለውን የከተማዋን የሕንፃ ቅርስ የያዘ መጽሐፍ አለ። ሚሌና ባቲስቶኒና ጃን ፓዎሎ ኪያሪም ከዚያ ቀደም ብለው በእግር እየዞሩ ቤት በቤት መዝግበዋል። እነዚህን መጻሕፍት ይዞ ዛሬ ፒያሳን ለሚዞር ሰው ከገጹ ላይ አለ፣ ከመንገዱ ላይ የለም የሚባል ቤት ይበዛበታል። ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ክፉኛ ሲጎዳ ብዙ ሰው ስልኩን አውጥቶ ጭሱን ቀርጾ ነበር። ከዚያ በፊት ደረጃውን የለካ ስንት ነው?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሣ ይከለክላል። የጎደለው አንዲት ቀላል ደንብ ናት፦ ዕድሜው ከተወሰነ ዓመት ያለፈ ማንኛውም ቤት፣ ቅርስ ተባለም አልተባለም፣ የማፍረሻ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ይለካ። ወጪውን አልሚው ይሸፈን። ለአንድ ማማ ግንባታ ከሚወጣው አንጻር ይህ የሻይ ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ ግን ፍርሃት የሚያስገባ ነገር አለ። «ስካን አድርገነዋል» የሚለው ቃል የማፍረሻ ማስረጃ እንዳይሆን። ባለሥልጣኑ ተለክቷል ብሎ ይፈርማል፣ ዶዘሩ ይገባል፣ ከዚያ በኤግዚቢሽን ላይ ልጆች መነጽር አጥልቀው አያቶቻቸው የኖሩበትን ቤት ይጎበኛሉ። እንግሊዝ ቤት ያሉትን የመቅደላ የብራና መጻሕፍት ጉዳይ የሚከታተል ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል፤ የዲጂታል ቅጂው ሲቀርብ ስለ ዋናው የሚጠይቀው ድምፅ ዝቅ እንዲል ይጠበቃል። የሕንፃ ልክም እንደዚያው ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ጭቃ ከምን ጭድ ጋር እንደተቦካ፣ ማገሩ ጽድ ይሁን ባሕር ዛፍ፣ ጨረሩ አይደርስበትም፤ ላይ ላዩን ነው የሚያየው። ቤቱ ሲፈርስ እንጨቱን ቆርጦ የሚያስቀምጥ፣ ጭቃውን በከረጢት የሚይዝ፣ የመጨረሻዋን ነዋሪ እናት ማን የት ክፍል እንደኖረ የሚጠይቅ ሰው ከስካነሩ ጋር ካልመጣ ልኩ ቅርፊት ነው።

ልኩ የት ይቀመጣል የሚለውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የመቅዳት ሥራ ተጀምሮ ነበር። ወደ 9,000 ገደማ መጻሕፍት ተቀዱ፤ ቅጂው ከአዲስ አበባ ሌላ በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሰጥተው ካታሎጉን ሠሩለት። ሥራው ትልቅ ነው። ከ50 ዓመት በኋላም ፊልሙ ይነበባል፤ ብርሃንና ማጉያ መነጽር ይበቃዋል። ለዲጂታል ፋይል ግን ይህ ዋስትና የለም። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1986 የሀገሪቱን ገጽታ በሌዘር ዲስክ መዝግቦ ነበር፤ የ1086ቱን የዱምስዴይ መዝገብ 900ኛ ዓመት ለማክበር ነው። 20 ዓመት ሳይሞላ ዲስኩን የሚያነብ ማሽን ማግኘት ጭንቅ ሆነ። የ1086ቱ ብራና ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

ስለዚህ አንድ የለካ ቡድን ሲመጣ ከሥዕሉ ውበት በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ያልተነካው ጥሬ መረጃ፣ የተሸበረቀው ቪዲዮ ሳይሆን ጥሬው፣ ለሀገሪቱ ተቋም ተሰጥቷል? ሃርድ ዲስኩ የአንድ ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ነው ወይስ በሦስት ቦታ ተባዝቷል? ያለ ክፍያ ሶፍትዌር በሚከፈት ቅርጽ ተቀምጧል? የአጥቢያው አስተዳዳሪ ወይም የቤቱ ባለቤት ኮፒ አለው? እነዚህ አሰልቺ ጥያቄዎች ናቸው፤ በምረቃ ቀን ማንም አያነሣቸውም።

ስካነሩ ውድ ነው ለሚል ሰው ደግሞ የማይደንባወር ዘዴ ኪሱ ውስጥ አለ። ስልክ ያለው የአርክቴክቸር ተማሪ የሰፈሩን አሮጌ ቤት ሊመዘግብ ይችላል። ፀሐይ ባልበረታበት፣ ደመና ባለበት ቀን ይውጣ፤ ጥላ ይበላሻል። ቤቱን እየዞረ በየሁለት እርምጃው ያንሣ፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀደመው ቢያንስ ከግማሽ በላይ ይደራረብ። ለአንድ ቤት 200 ወይም 300 ፎቶ አይበዛም። ማዕዘኖቹን፣ ከኮርኒሱ ሥር ያለውን፣ የበሩን ጥርብ በቅርበት ይድገም። «ሜሽሩም» የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ፎቶዎቹን ገጣጥሞ ቅርጽ ያወጣል፤ ኮምፒውተሩ ደከም ያለ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሊሠራ ይችላል። ዋናዎቹን ፎቶዎች ግን አያጥፋ፤ የነገው ሶፍትዌር ከዛሬው የተሻለ ቅርጽ ከእነሱ ሊያወጣ ይችላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ግድግዳው ሥር የተዘረጋ ሜትር ይኑር፣ በጥቂት ፎቶዎች ውስጥም ቁጥሩ እስኪነበብ ድረስ ይግባ፤ ያለዚያ ኮምፒውተሩ ቤቱ 3 ሜትር ይሁን 30 የሚያውቅበት መንገድ የለውም።